የገመቹ መልቀቂያ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ወደ ነቀምት በምትሄደው ላንድሮቨር ውስጥ ሾፌሩ፣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ፣ የመምህራን ማሠልጠኛው መዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ የገብስ ጩኮ በአገልግል የያዙ አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናትና እኔ ነበርን።

«አዴ፣ ጩኮውን እዚሁ እንብላው» አለ ነጋዴው።

«የልጄ የገመቹ ስንቅ ነው። ኦቦ ጸሐፊ፣ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል?»

«ገመቹማ ትምህርቱን ከተወ ወር አለፈው። እርስዎ ፈቅደው አይደል?»

«እኔ?»

«መልቀቂያው ላይ የጣት አሻራዎ አለ። መዝገቡን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ለመስቀል ሲመጣ የምዝገባ ወረቀት ነው ብሎኝ ነው።»

«አላነበበልዎትም?»

«አነበበልኝ እንጂ።»

ነጋዴው አንገቱን ደፋ።

«ኦቦ ጸሐፊ፣ የት እንዳለ ከሰሙ ወሬውን ይላኩልኝ። ቤቴ ጊምቢ ገበያው ዳር ነው።»

እኔም ልጄ ፈርመሽ አምጪልኝ ያለችኝን ወረቀት ከመቀነቴ ፈትቼ፣ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልሁ ማንበብ ጀመርሁ።