ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፤ መጋቢያችን፤ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች፤ የወህኒ ቤት ባልደረቦቼ፤ እናንተም ከኋላ የቆማችሁ፣ በአንድ ወቅት ቁልፍ ስናዞርባችሁ የነበራችሁ ወንድሞቼ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ አንቺ፣ ባለቤቱ፣ እኅቴ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሁላችንንም ያጽናን።

ወረቀት ጽፌ መጥቼ ነበር። ኪሴ ውስጥ ነው። አላወጣውም። 

ሰው ሲሞት ጀግና ነበር ይባላል። እኔ ግን ከዚህ ሰው ጋር ለዓመታት አንድ በር ጠብቄያለሁና እውነቱን ልንገራችሁ። ፈሪ ነበር። ውሻ ይፈራል። አለቃ ይፈራል። መብረቅ ሲጮህ ማማው ላይ ጆሮውን ይዞ ቁጢጥ ይላል። እስረኞቹ "ጋሽ ቅጭል" ያሉት ለምን ይመስላችኋል? በር ሲከፍት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፎቹ ቅጭል ቅጭል ይላሉ። ገና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሳለ "መጣ ጋሽ ቅጭል" ይባላል። ሳቁ፣ ግድ የለም። እሱም ይስቅ ነበር።

ግን ፈሪ ሰው ይጨክናል። ይህንንም አልደብቅም። እርጥብ ገመድ ይዞ ሲገርፍ አይቼዋለሁ። ለምን? አለቃው "ምነው ለዘብክ?" እንዳይለው ነዋ! ሁላችንም እንደዚያው ነበርን።

ከዚያ ያ መንፈሳዊ መነቃቃት መጣ። ከጎማ ጥገናው አጠገብ ያለው የቆርቆሮ አዳራሽ፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ። ግማሻችሁ እዚያ ነበራችሁ። ከሥራ መልስ ሰው ይጎርፋል። ቦታ ያጣው በመስኮት ተንጠልጥሎ ይሰማል። ሰካራሙ ጠርሙሱን አምጥቶ ደጃፉ ላይ ይሰብራል። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረው እግሯ ሥር ይወድቃል። አንዱማ የሰረቀውን ብስክሌት እየገፋ ባለቤቱ ቤት ድረስ ሄደ። ጋሽ ቅጭል የመጣው ሚስቱን ሊወስድ ነበር። "ዛሬ እራት የለም እንዴ?" እያለ ገባ። ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ምስክርነት ሊሰጥ ተነሣ።

እኔ ከምሰሶው ጀርባ ነበርኩ።

"ወገኖቼ" አለ። ድምፁ አይሰማም። መጋቢያችን "ጮክ በል ወንድሜ" አሉት።

"ወህኒ ቤታችን ውስጥ ከደረጃው ሥር አንዲት ክፍል አለች። መዝገብ ላይ የለችም። መስኮት የላትም። ሰው የሚገባባት ቆሞ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ልብስ ሰፊ አስገባሁባት። በሦስተኛው ቀን ስከፍት ሞቷል። በወባ ሞተ ተብሎ ተጻፈ። ለሁለት ተሸክመን አወጣነው።"

እኔስ ምን ተሰማኝ? ንስሐ? ኧረ ወዲያ! መውጫ በር በዓይኔ ፈለግኩ እንጂ። ለሁለት ነው የተሸከምነው። በራሱ በኩል እሱ። በእግሩ በኩል እኔ።

እባካችሁ። እባካችሁ አትንጫጩ። ልጨርስ። ካቋረጥኩ መልሼ አልጀምረውም።

ስብሰባው ሲያልቅ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። ላብ በላብ ሆኗል።

"አንተ ሰው፣ ልታስጨርሰን ነው? ልጆች አሉኝ እኮ!" አልኩት።

"ስምህን አልጠራሁም።"

"ነገ ትጠራለህ።"

"አልጠራም። የራስህ አፍ አለህ" አለኝ። ቀጥሎም "እኔ የማልፈራ መስሎህ ነው? እግሬ አልታዘዝ ስላለኝ እኮ ነው እዚህ የቆምኩት" አለኝ።

መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎም ፈርተው ነበር። በማግስቱ ጠርተው "ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ተናዝዘሃል፤ ይቅር ብሎሃል። ከዚህ በላይ ባንነካካው ይሻላል" አሉት። እሱስ ምን አለ? "አዎ፣ ይቅር ብሎኛል። ክፍሏ ግን ዛሬም ትቆለፋለች። አሁን ስመጣ ሰው አለባት።" እርስዎም አንገትዎን ደፉ። ክፍሏ እንድትዘጋ አቤቱታ ሲጻፍ ግን የመጀመሪያው ፊርማ የእርስዎ ነበር።

ከዚያ አዋላጇ ፈረመች። መምህሩ ፈረመ። ጎማ ጠጋኙ በግራሶ እጁ ፈረመ፤ አሻራው ከፊርማው ይጎላ ነበር። አራት መቶ አሥራ ስምንት ሰው! እኔ? እኔ ያን ሰሞን ወረቀቱ እንዳያገኘኝ በጓሮ በኩል ነበር ወደ ቤቴ የምገባው።

እኅቴ፣ አንቺ ታስታውሻለሽ። በመስኮትሽ ድንጋይ ገባ። በበርሽ ሥር ወረቀት ሾለከ፤ "ክፍሏ ትጠብቅሃለች" ይላል። እሱ ያን ቀን ሥራ ገባ? ገባ። ሲገባ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

በመጨረሻ መርማሪ መጣ። ክፍሏ ኖራ ተቀብታለች፤ መጥረጊያና ባልዲ ሞልተውባታል። አለቃችን "ዕቃ ቤት ናት" አለ። መርማሪው አሰለፈን። አንድ በአንድ ጠየቀን።

"ምንድን ናት?"

"ዕቃ ቤት።"

"አንተስ?"

"ዕቃ ቤት።"

እኔ ጋ ደረሰ። አለቃው ያየኛል። ጋሽ ቅጭልም ያየኛል።

"ዕቃ ቤት ናት" አልኩ።

ተራው የእሱ ሆነ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ሱሪው ላይ ሸና። ሁላችንም አየን። አንዱ ሳቀ። እሱ ግን በዚያው በራሰ ሱሪው ሄደና በሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የውስጡን ገጽ ወደ ብርሃን አዞረው። ግድግዳውን ቀብተውታል፤ በሩን ረስተውታል። ከደረት እስከ ጉልበት እንጨቱ ተቦጫጭሯል።

"ጌታዬ፣ መጥረጊያ ጥፍር አለው?" አለ።

ክፍሏ ፈረሰች። አዋላጇ ነፍሰ ጡር እስረኞች ሆስፒታል እንዲወልዱ ሳታስፈቅድ እንቅልፍ አልወሰዳትም። መምህሩ እስረኞቹን ፊደል ማስቆጠር ጀመረ። ያ ሁሉ ዝማሬና ዕንባ እዚያው አዳራሹ ውስጥ አልቀረም፤ ግቢያችን ድረስ መጣ። እሱ ግን ተከሰሰ። ጥፋቱን ራሱ አመነ። ዳኛው "ሌላው ተሸካሚ ማን ነበር?" ሲሉት "እሱ አፍ አለው" ብቻ አለ። ለዚህ ስድስት ወር ጨመሩበት። ሦስት ዓመት በራሱ ወህኒ ቤት ታሰረ። ቁልፍ የማዞርበት እኔ ነበርኩ።

አንድ ጠዋት በሩን ስከፍትለት "ለምንድን ነው የማትናገርብኝ?" አልኩት።

"እኔን ማንም አላስገደደኝም" አለኝ። "አንተንም አላስገድድም።" ሳህኑን ተቀበለኝና ቁርሱን በላ።

ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ ሆኖ ጫማውን ሲያስር ወደ ፊት ድፍት አለ። በቃ። ስሰማ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? እፎይታ። "አሁን የሚያውቅ የለም" አልኩ። ወዲያው ፍርሃቱ መልሶ ያዘኝ። የሚያውቅ የለም! ታዲያ ከዚህ ጉድ ጋር ብቻዬን ልኖር ነው? አለቃም መርማሪም እንዲህ አስፈርተውኝ አያውቁም።

የልብስ ሰፊው ባለቤት እዚህ አለሽ። አጥሩ ጥግ ቆመሽ አየሁሽ። ባልሽ በወባ እንዳልሞተ ፍርድ ቤት ሰምተሻል። ይህን ግን አልሰማሽም፤ ለእሱም ነግሬው አላውቅም። በሁለተኛው ቀን ተረኛው እኔ ነበርኩ። ባልሽ አንኳኳ። "ውኃ" አለ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። አልከፈትኩም።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ዛሬ አልልሽም።

መጋቢ፣ ከዚህ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምሄደው። ቢችሉ አብረውኝ ይምጡ። ብቻዬን ከሆንኩ መንገድ ላይ እመለሳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ወንድሜ፣ ደህና ሁን። ያን ሁሉ ዓመት ጠበቅከኝ፤ እኔ ግን አንተ አፈር እስክትለብስ ዘገየሁ። አንተስ ወደ ጌታህ ሄድክ፤ እረፍ። እኔ ገና እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ።

ሰዎች፣ እባካችሁ መንገድ ልቀቁልኝ።