ሐጂ በፊልም ያወቋት አርማጭሆ

ባሕር ዳር ዓይኔን ታክሜ፣ አዲስ መነጽር አፍንጫዬ ላይ አስቀምጬ ወደ ጎንደር ስመለስ ነው ሐጂ ዐብዱልከሪምን አውቶቡስ ውስጥ ያገኘኋቸው። ሐጂ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖሩ፣ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ በጨርቅ ንግድ የታወቁ ሰው ናቸው። ልጆቻቸውን ያስተማርኩ እኔ ስለሆንኩ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ «መምህርት» እንጂ ሐረገወይን ብለውኝ አያውቁም። አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ጠረግ አድርገው፣ «ይቀመጡ መምህርት፤ ይህ መንገድ ያለ ጨዋታ አይገፋም» አሉኝ።

ከመተላለፊያው ማዶ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ያቆሙ አንድ የገጠር ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አያ ዳኛው እንደሚባሉና ባሕር ዳር የሚማር ልጃቸውን ጠይቀው እንደሚመለሱ ሰላምታ ስንለዋወጥ ነገሩን። የየት አገር ሰው እንደሆኑ ግን ማናችንም አልጠየቅናቸውም።

ጥቂት እንደተጓዝን ረዳቱ ፊልም ከፈተ። እኔ አውቶቡስ ላይ ፊልም ሲከፈት ደሜ ይፈላል፤ አለመስማት የማይቻልበት ቦታ ነውና። በፊልሙ ውስጥ አንድ ባላገር ጠብመንጃውን አንግቶ ከተማ ይገባል። ሊፍት ሲያይ ያማትባል፤ መስተዋት ውስጥ ያየውን የራሱን መልክ ጠላት መስሎት ይሳደባል። አገሩ ሲመለስ ደግሞ ሴት ይጠልፋል። ቤቱ የገባ እንግዳ የቀረበለትን ምግብ አልበላም ቢለው «ናቅኸኝ!» ብሎ ቢላዋ ይመዝበታል። ይህ ሰው የአርማጭሆ ሰው ነው ተብሏል። አነጋገሩም የእኛ አገር ነው መባሉ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እንደዚያ የሚናገር ሰው ጎንደር ውስጥ አልሰማሁም።

ሐጂ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አያ ዳኛው ከዘራቸውን ያያሉ።

ቀጥሎ አንድ ነጋዴ መጣ። ቆብ ደፍቷል፣ ጺሙን አርዝሟል፣ በየቃሉ «ወላሂ» እያለ ጨርቅ ሲለካ ክንዱን ያሳጥራል። አሁን ደግሞ አያ ዳኛው ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። የሐጂ ሳቅ ግን ቀጥ አለ።

«ምነው ሐጂ፣ ፊልሙ ሰለቸዎት?» አልኳቸው። መነካካት እወዳለሁ።

«ተዉት መምህርት። ፊልም ፊልም ነው። ሰው ስቆ ይረሳዋል፤ ማንን ይጎዳል?» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልፈታም።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለይላ ነበሩ። ሐጂ ስልክ ሲያናግሩ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ደንቆሮ ይመስላቸዋል። «አይሆንም አልኩሽ እኮ ለይላ! ሰኞ ካልቀረበች ቦታውን ለሌላ ይስጡት፤ ምን ቸገረኝ? ልጄን ትክል ድንጋይ ድረስ ልኬ ለጠላፊ አልሰጥም። አርማጭሆ እኮ ነው!»

ልባቸው ያረፈ መስሏቸው ስልኩን ሲዘጉ አያ ዳኛው ወደ እኛ ዞሩ።

«ምነው ሐጂ? ምን አደረግናችሁ? እኔ እኮ የትክል ድንጋይ ሰው ነኝ።»

ሐጂ ደነገጡ። «አያ ዳኛው፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም…»

«እኔን ካላሉ ማንን ነው ያሉት? ቅድምም የሳቁት በእኔው ነው፤ ችየ ዝም አልኩ። ልጅዎ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«አዋላጅ ናት» አሉ ሐጂ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። አሁን ገና ቦታ ቢወጣላት እናንተ ዘንድ ሆነ።»

አያ ዳኛው ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉ። «ሐጂ፣ የትልቁ ልጄ ሚስት ሰርካለም ወሯ ገብቷል። የነበረችን አዋላጅ ተዛውራ ሄደች። አዲስ ትመጣለች ተብሎ ደጅ ደጁን እናያለን። ለካ የምንጠብቃት የአንቱን ልጅ ኖሯል!»

ነገሩ ልቤን ነካው። የሐጂን ልጅ መርዋን አውቃታለሁ፤ ከክፍሏ ማንም ሳይቀድማት እጅ የምታወጣ ልጅ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ የምስክር ወረቀቷን ታቅፋ ቤት መዋሏ ያንገበግበኝ ነበር። ስለዚህ መታገሥ አልቻልኩም።

«ሐጂ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ ክንድ የሚያሳጥር ነጋዴ ሲመጣ ሳቅዎ ለምን ቆመ?»

«ውሸት ነዋ መምህርት! አባቴ ክንድ ሲለካ ስንዝር መርቆ ነበር የሚሰጠው። እኛን እንዲህ አድርጎ ማሳየት ነውር ነው።»

«ባላገሩስ እውነት ነበር?»

«እሱማ…» ብለው ጀመሩና መጨረሻ አጡለት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የተባለው ይኸው ነው፤ ሐጂን ግን እወዳቸዋለሁና በሆዴ ያዝኩት።

አያ ዳኛው ሳቅ አሉ። «እኔስ ብሆን በነጋዴው ስቄ የለ? ደግሞ እውነት መስሎኝ ነው የሳቅኩት። እንግዲህ እኩል ነን ሐጂ። እሑድ ልጅዎን ይዘው ይምጡና ቤቴን ይዩ። ሸጋ ካልሆነ ይዘዋት ይመለሱ፤ የሚከለክልዎ የለም።»

ጎንደር ስንደርስ ሐጂ ወርደው የአያ ዳኛውን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

በማግሥቱ መርዋ ደወለችልኝ። «መምህርት፣ አባባ እርስዎን ይሰማሉ፤ እባክዎ ይምጡልኝ» አለች። የአውቶቡሱን ነገር ሁሉ አጫወትኳት፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላም አዲስ ዓለም ሄድኩ። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልመናዋን ይዤ ገባሁ እንጂ ልጅቱ የእኔን አፍ የምትሻ አልሆነችም።

«አባባ» አለች መርዋ ረጋ ብላ፣ «የአርማጭሆ ሰው ከሱቅዎ አይገዛም?»

«ይገዛል እንጂ! የድሮ ደንበኞቼ ናቸው። ለሠርግ፣ ለጥምቀት ልብስ የሚቆርጡት ከእኔ ነው።»

«ክፉ የተናገረዎት፣ ያስፈራራዎት አለ?»

«ኧረ የለም! አንዱማ እናቴ ስታርፍ ሰምቶ፣ በእግሩ መጥቶ፣ ድንኳን ተቀምጦ ነው ያጽናናኝ።»

«ታዲያ አባባ፣ ደጎቹን በዓይንዎ አዩ፤ ክፉውን በፊልም አዩ። ያመኑት ፊልሙን ነው?»

ሐጂ ጺማቸውን ዳሰሱ። ክርክር ሲጠፋቸው እንዲህ ያደርጋሉ። «ልጄ፣ ፊልም የሚሠሩት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ከመሬት ተነስተው አያወሩም። እውነት አንቺ አርማጭሆ ጠላፊ የለም ነው የምትይኝ?»

«አላልኩም። ጠላፊ ጎንደር ከተማም አይጠፋም። የፊልሙ ጥፋት ከጠላፊው በቀር ሌላ የአርማጭሆ ሰው አለማሳየቱ ነው። ያረሰ፣ ያስታረቀ፣ ልጁን ያስተማረ አንድ ሰው እንኳ አላየንም። ነጋዴ ሲያሳይ ሌባ ነው፤ ባላገር ሲያሳይ ጨካኝ ነው። እንደኔ ሻሽ ያሰረች ሴትማ ብትመጣም ከወንድሟ ጀርባ ቆማ አንዲት ቃል ሳትናገር ትወጣለች። ጓንት አጥልቃ ልጅ ስታዋልድ አይቼ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ያንን ሳይ ‹ለካ እኛ እንዲህ ነን› እያልኩ አንገቴን እደፋ ነበር።»

«አንቺ? አንገትሽን?» አሉ ሐጂ።

«አዎ አባባ። ‹አንቺ እንዲህ አይደለሽም› ያሉኝ መምህርት ናቸው። የአርማጭሆን ሰው ግን ማን ‹እንዲህ አይደላችሁም› ይበለው? እኛ በእነሱ ስቀን እነሱ በእኛ ስቀው፣ በመካከሉ ሰርካለም ያለ አዋላጅ ትቀራለች።»

እኔም ጨመር አደረግሁ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም ሲባል ሰምቻለሁ ሐጂ። የማያውቁትን አገር ሳያዩ መፍራትን ግን ከእርስዎ መማሬ ነው።»

ሐጂ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «እሺ። አይቼ እወስናለሁ። መምህርትም አብረውን ይሄዳሉ፤ ነገሩን የጀመሩት እርስዎ ነዎት።»

እሑድ ጠዋት ሦስታችን ትክል ድንጋይ ወረድን። ሐጂ የያዙት ቦርሳ ከብዷቸው ስለነበር ምን እንዳለበት ጠየቅኋቸው። ዳቦና ቴምር ኖሯል። ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ሥጋ ቢያቀርቡልኝ እንደማልበላ ያውቃሉ መምህርት። እምቢ ስላቸው ደግሞ ‹ናቀኝ› ይሉና…» ብለው የቀረውን በዓይናቸው ነገሩኝ። እንግዲህ ስቆ የሚረሳው ፊልም ይህ ነው! ከልባቸው እስከ ቦርሳቸው ድረስ ገብቶ ተቀምጧል።

የአያ ዳኛው ቤት ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ የተከበበ ነው። ባለቤታቸው እማማ ታየች ጉልበታችንን ስመው ሊቀበሉን ምንም አልቀራቸው። ሰርካለም ሆዷን ደግፋ ወጥታ ሰላም አለችን። ከገባን በኋላ ሐጂ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጠብመንጃ አዩና ዓይናቸውን ከእሱ መንቀል አቃታቸው። አያ ዳኛው «መጣሁ» ብለው ወጡ።

ሲመለሱ በእጃቸው የሚያብለጨልጭ ረጅም ቢላዋ ይዘዋል።

ሐጂ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። አንድ እጃቸውን በመርዋ ፊት ዘረጉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም፣ መቼስ ሐሰት ለምን እናገራለሁ፣ የመርዋን ክንድ ያዝኩ።

አያ ዳኛው ፊታቸው ደርሰው ቆሙ። ቢላዋውን አገላበጡ፣ ስለቱን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው እጀታውን ወደ ሐጂ ዘረጉ።

«እንኩ ሐጂ፤ በጉ ደጅ ታስሯል። እኔ ባርደው አንቱ አይበሉም። በወግዎ፣ በእጅዎ ይረዱት። ድስቱም አዲስ ነው፤ የእኛ ሥጋ አልነካውም። ልጅዎ ትሥራው፣ ታየች እንጨትና ውኃ ታቀርባለች። አባቴም ለእስላም ወዳጁ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እኛ የራሳችንን ዶሮ አርደናል።»

ሐጂ ቢላዋውን ተቀበሉ። ከዚያ ሳቁ፤ እየሳቁም እንባቸው ወረደ። «አያ ዳኛው፣ ይማሩኝ። ሊያርዱኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«እኔ? አንቱን?» አያ ዳኛው ገና ሲገባቸው በሳቅ ወደቁ። «ኧረ እኔም ከአንቱ አልሻልም! ታየችን ‹ነጋዴ ነው፤ በጉን ሳይበላ ዋጋውን ይገምታል› ብያት ነበር።»

በዚያች ቅጽበት እኔም ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ቀለለኝ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው በጉን አረዱ። ምሳው ሲቀርብ ለሁሉም የየራሱ ሥጋ ነበረው። ሥጋው ተለየ እንጂ ጨዋታው አልተለየም። ቦርሳው ውስጥ የነበረውን ቴምር የጎረቤት ልጆች በሉት።

እማማ ታየችም ሆዳቸው ውስጥ የቆየውን አወጡት። «ልጄ፣ አትቆጭኝ፤ ክርስቲያን ሴት ትዳስሻለሽ?»

መርዋ ሳቀች። «እማማ፣ ሕፃን ማተብ አስሮ አይወለድም።» ይህን ብላ ሰርካለምን ወደ ጓዳ ይዛት ገባች። ስትወጣ ግን አልሳቀችም፤ «ልጁ አልዞረም፤ እከታተላታለሁ» አለች። ሐጂ የልጃቸውን ፊት አዩ። «ሰኞ ትቅረብ» አሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ቀረበችም። የሰርካለም ምጥ ሲመጣ ልጁ በእግሩ ነበር። መርዋ አስቀድማ ስለምታውቅ አምቡላንስ አዘጋጅታ ኖሮ ጎንደር ሆስፒታል በጊዜ ደረሱ፤ እናትም ልጅም በሰላም ተገላገሉ። ወሬው ሲደርሰኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሐጂ አራስ ጥየቃ ሲሄዱ ለሕፃኑ የወሰዱት ጨርቅ ሌላ ሦስት ሕፃን ይጠቀልል ነበር። አያ ዳኛው አዲስ ዓለም ሲመጡ ደግሞ ወይዘሮ ለይላ ዶሮና ቢላዋ፣ አዲስ ድስትም ያቀርቡላቸዋል። ልጆቻቸውን ወደ ገጠር አንልክም ሲሉ የነበሩ ሁለት የሐጂ ጎረቤቶችም ሐሳባቸውን ቀየሩ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ፊልም አትይ አልልህም፤ እኔም ሲመቸኝ አያለሁ። አንድ ሰው አቅርበው «አገሩ ሁሉ ይህ ነው» ሲሉህ ግን የቀሩት የት ሄዱ ብለህ ጠይቅ። የራስህን ወገን ሲያሳዩህ የሚቆረቁርህ ነገር፣ የሌላውን ሲያሳዩም ይቆርቁርህ። ይህን ብታደርግ ጎረቤት ታተርፋለህ፣ ልጅህ ሥራ አታጣም፣ የማታውቃት ሴትም በሰላም ትወልዳለች።

በቅርቡ መነጽሬን ላሳይ ስሄድ ሐጂም ዕቃ ሊያመጡ አብረን ተሳፈርን። እንዳይቀርብኝ ብሎ ረዳቱ ያንኑ ፊልም ከፈተው። ባላገሩ ቢላዋ ሲመዝ ከኋላችን የተቀመጠ ጎልማሳ፣ «አርማጭሆዎች እንዲህ ናቸው!» አለ።

ሐጂ ዞሩ። «ወንድሜ፣ አርማጭሆ ሄደሃል?»

«ኧረ አልሄድኩም።»

«እኔ ሄጃለሁ። ቢላዋም ወጥቶብኛል።»

በአካባቢያችን ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ጎልማሳው አንገቱን አስግጎ፣ «ከዚያስ ሐጂ?» አለ።

«ከዚያማ» አሉ ሐጂ፣ «እጀታውን ወደ እኔ አድርገው ሰጡኝ።»