የረዘመው ዋሽንት

ከሰዓት በኋላ፣ ኮተቤ፣ የ«ዶፍ» ሮክ ባንድ መለማመጃ ጋራዥ፤ የሃያ ዘጠነኛ ዓመት ኮንሰርቱ አራት ቀን ሲቀረው፣ ድምፃዊው ሣህሉና ዋሽንት ነፊው ቢያድግልኝ ብቻቸውን።

ሣህሉ፦ ዋሽንትህ ነው የሳተው እንጂ እኔ አልሳትኩም አልኩህ።

ቢያድግልኝ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ይሁን፣ ሸምበቆው ነው።

ሣህሉ፦ አታሹፍ። ጊታሩ ወረደልኝ፣ ቤዙ ወረደልኝ። ላይ ተሰቅለህ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

ቢያድግልኝ፦ የእነሱ ክር ይላላል። የዋሽንት ምኑ ይላላል? ድምፅ በወረደ ቁጥር ረዘም ያለ ሸምበቆ ፈልጎ እንደገና መብሳት ነው።

ሣህሉ፦ ብሳ እንግዲህ። ማን ከለከለህ?

ቢያድግልኝ፦ ባንዱ ሲቋቋም የምነፋው ዋሽንት ከክንዴ አይበልጥም ነበር። አሥረኛው ዓመት ላይ «ጉንፋን ይዞኛል፣ ለዛሬ ዝቅ እናድርገው» አልክ። ረዘም ያለ ሸምበቆ ቆረጥኩ። ጉንፋኑ ይኸው አልለቀቀህም። የዛሬውን ዋሽንት ተመርኩዤው ልሄድ ምንም አልቀረኝ፤ የታችኛው ቀዳዳ ላይ የምደርሰው ትከሻዬን ሰብሬ ነው።

ሣህሉ፦ አሬንጅመንት ይባላል፣ ወንድሜ። ሮክ ወፈር ያለ ድምፅ ይወዳል። ሠርግ ቤት የሚማሩት ነገር አይደለም።

ቢያድግልኝ፦ ቃለ መጠይቅ ያደረገችልህ ጋዜጠኛም «ድምፅዎ እየበሰለ ሄደ» ስትልህ አንገትህን ሰበር አድርገህ አመሰገንክ። እኔ ከኋላህ ቆሜ ሸምበቆዬን አየሁት።

ሣህሉ፦ ከሠርግ ድንኳን አውጥቼ መድረክ ላይ ያቆምኩህ እኔ ነኝ። ከኤሌክትሪክ ጊታር ጎን ዋሽንት ሲነፋ ማን አይቶ ያውቅ ነበር? ሲሳቅብህ ማን ተከራከረልህ?

ቢያድግልኝ፦ አንተ። አልካድኩም። ለዚያ ስል ነው ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልኩት። ድራመሩ ድምፁን ለምን ዝቅ እንደምናደርግ ሲጠይቀኝ፣ የእኔ ሳንባ ደክሞ ነው እያልኩ በራሴ አላከክሁ።

ሣህሉ፦ ማን አላክክ አለህ?

ቢያድግልኝ፦ ማንም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ሎሌው እንኳ ገበናህን ይሸፍን ብዬ ነው።

ሣህሉ፦ ስማ፤ ከኪቦርዲስቱ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። የዋሽንቱን ድምፅ እሱ ይጫወተዋል፣ በፈለግሁት ልክ ያወርድልኛል። አንተ የባህል ልብስህን ለብሰህ ትቆማለህ፤ ዋሽንቱን ከንፈርህ ላይ ታደርጋለህ። አትነፋም።

ቢያድግልኝ፦ አልነፋም?

ሣህሉ፦ ፖስተሩ ላይ አለህ፤ ሕዝቡ ሊያይህ ይፈልጋል። ማሰማቱን ለእኛ ተወው።

ቢያድግልኝ፦ ሌሎቹስ ምን አሉ?

ሣህሉ፦ ቤዚስቱ ትንሽ አንገራገረ። ድራመሩ ግን «ሳንባው ደክሞ የለ፣ ይረፍበት» አለ። ካንተው አፍ የሰማው ነው።

ቢያድግልኝ፦ ጥሩ። አንድ ነገር ግን ለኪቦርዲስቱ ንገረው። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅህ ይቆረጣል፤ ዜማውን ተቀብዬ የምጨርሰው እኔ ነኝ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ የሚያጨበጭበውም እዚያው ላይ ነው። ስንት ዓመት እጅ ነሳህለት።

ሣህሉ፦ ጨረስክ? እንግዲያው ኪቦርዲስቱ እስኪመጣ ለልምምዱ አንተው ንፋልኝ። የመጀመሪያውን ዘፈን፤ መግቢያው የዋሽንት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ልጀምር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ሣህሉ፦ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፣ ብርድም ገባ፤ ደህና አልተዘጋም መሰለኝ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ነኝ፤ በል ደግመን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ግባ እንጂ። ድምፁን ስጠኝ፤ ከየት ልነሳ?