የሽሮፕ ነጋዴውና ሮዙ እርጎ

ሽማግሌው ቀይ ሽሮፕ አፍልተው፣ በውሃ በጥብጠው ለተማሪዎች መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ሰፈሩ ስማቸውን ረስቶ «አባ ጣፍጤ» ይላቸዋል።

አንድ ጠዋት ጥርሷን ያመማትን የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ አራት የተበሉ ጥርሶች አገኘ። ድዷ ስላበጠ መድኃኒት አዝዞ፣ ጣፋጭ መጠጥ እንድትተው አሳስቦ ቀጠሮ ሰጣቸው። አባ ጣፍጤ ግራ ገባቸው፤ ሽሮፑን የሚሰጧት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ሲወጡ፣ ተራ ከሚጠብቁት መካከል አንዲት ሴት ለልጇ ሮዝ መጠጥ ስትሰጥ አዩ። የሙያ ነገር ሆኖባቸው ምንነቱን ጠየቋት።

«እርጎ ነው፣ አባባ። ከጓደኛዬ ጋር ለትምህርት ቤቶች እናዘጋጃለን። እንጆሪ አለው፤ ቀለሙ የቀይ ሥር ነው። ስኳር አንጨምርበትም።»

«ያለ ስኳር ማን ይጠጣዋል? ፀጉሬን ያሸበትኩት በዚህ ሥራ ነው። ልጅ ማለት ንብ ነው፤ የጣፈጠው ዘንድ ይሄዳል።»

«ልክ ነዎት። የመጀመሪያውን ልጆቹ አፈር አፈር ይላል ብለው ተፉብን። ቀይ ሥሩን ቀንሰን የበሰለ ሙዝ ጨመርንበት። ልጅ ካልጣፈጠው በምክር አይጠጣም።»

ሙግት የጠበቁት ሽማግሌ ይባስ ግራ ተጋቡ። የሚስማማን ሰው እንዴት ይከራከሩታል? የልጅ ልጃቸው በበኩሏ የቀረበላትን ኩባያ ጨልጣ ድገሚኝ አለች።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ልጆች ስጎዳ ኖሬአለሁ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሴትዮዋ የልጅቷን ኩባያ ደግማ ሞላች። «አያውቁም ነበር፣ አባባ። ያላወቀ አይፈረድበትም። ከዛሬ ወዲያ ግን ያውቃሉ።»

አባ ጣፍጤ ሽሮፑን ላፍላ ልተው እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ድስታቸውን ጥደው እያወረዱ ከረሙ። በመጨረሻ ወደ ሴትዮዋና ጓደኛዋ ሥራ ቤት ሄዱ። የእርጎው ጠርሙስ ለልጅ እጅ በጣም ወፍራም፣ አፉም በጣም ሰፊ መሆኑን ነገሯቸው፤ እነሱም ወተቱን አፍልቶ ማቀዝቀዝንና ማርጋትን አስተማሯቸው። ሦስቱም አብረው ለመሥራት ተስማሙ።

ምላስ የለመደውን ይወዳል፤ የሚያስለምደው ደግሞ አዋቂ ነው። ጥርሱ የማያመው ልጅ ደህና ይተኛል፤ ወተት የጠጣም ከሰዓት በኋላ ትምህርቱን በባዶ ሆድ አይከታተልም። ነጋዴውም ቢሆን ከእንጀራው አይጎድልም።

የአባ ጣፍጤ ሱቅ በአዲሱ መጠጥ በተከፈተ ቀን አንዲት ተማሪ ቀዩን ሽሮፕ ጠየቀች። የለም ተብላ ሮዙን ቀመሰች፤ ፊቷን አጨፍግጋ ግማሹን ትታ ሄደች። አባ ጣፍጤ ተሳስቼ ይሆን እያሉ ዋሉ። በማግስቱ ያችው ተማሪ ታናሽ እህቷን አስከትላ መጣችና ሁለት ጠርሙስ እርጎ ጠየቀች።