ጉድጓድ ያባው ኑዛዜ

ታሂር ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ሽርጡን ፊቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ማለት፣ የተኛ መስሏል። ሚስቱ ጀዊሪያ ጎረቤቷን ራቢዓን አጠገቧ አስቀምጣ ማሽላ ታበጥራለች፤ ድምጿም ለስለስ ብሏል። የጀዊሪያ ድምፅ ሲለሰልስ ነገር እንዳለ ታሂር ያውቃል።

«ዘንድሮ የቆቦ ሙቀት በረታ፣ አይደል ራቢዓ? ልጆቹ ደህና ናቸው? አልሐምዱሊላህ። ማሽላሽንስ ነቀዝ አልነካብሽም? … ነቀዝስ ምንም አይደል፣ እህል ብቻ ነው የሚበላው። ፊደል የቆጠረው ምስጥ ነው… ወረቀት አይምርም።

«አንድ ሰው አውቃለሁ። ስሙን ተይው፣ ሐሜት ሐራም ነው። ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ አርቆ አሳቢ መሰለሽ! ‹ስሞት ቤተሰቤ እንዳይበተን› ብሎ ኑዛዜ ጻፈ። ከመሬቱ ደብተር ጋር በላስቲክ ጠቀለለና የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው። ከወንድሞቹ ሊደብቅ ነዋ! ከሚስቱም ደበቀ… ፍትሑን አየሽልኝ? ለማንም አላዳላ! ‹ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ› ይባል የለ? ቅርብማ ነው፣ እዚያው ግቢው ውስጥ ነው። የቱ ጋ ነው ብለሽ ግን እንዳትጠይቂኝ።»

ታሂርን ሽርጡ ሥር ላብ አጠመቀው። ጉድጓዱን ከድኖ አፈር ሲመልስበት፣ ምልክት እንዲሆነው አገዳ ከምሮበት ነበር። ክምሩን በበጋው ከብቶቹ በሉት፤ ቦታውም ጠፋበት። ይህን ከአላህና ከእሱ በቀር የሚያውቅ ያለ አልመሰለውም።

«ምስክርም አላስፈለገውም። ሞኙስ የጎብዬው ከማሉዲን! አራት ሰው ሰብስቦ፣ ኑዛዜውን አስነብቦ፣ አስፈርሞ፣ አንዱን ቅጂ ለሚስቱ ሰጣት። ምስጢር የማይችል ወንድ! የኔ… ያ የማውቀው ሰውዬ ግን ይችላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ጉድጓድ ያባውንስ ማን ያወጣዋል? ምስጥ?

«ወንድሞቹም ደጎች ናቸው እኮ! ባለፈው ወባ ሲጥለው ከዋጃ ድረስ ሊጠይቁት መጡ… ሜትር ይዘው። ትኩሳቱን ሊለኩለት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከበሩ እስከ አጥሩ ሃያ ሁለት ሜትር ትኩሳት!

«ሚስቱ? እሷ ምን ቸገራት! ሃያ ዓመት የኖረችበት ቤት ነው፤ ቢያስወጧት መውጫው አይጠፋትም።

«አሁን አሁን ደግሞ ግቢውን መውደዱ! ከሱብሒ ሶላት መልስ መሬቱን በዱላ ቶክ ቶክ እያደረገ፣ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። ትናንት የዶሮዎቹን ቤት አፈረሰው… ለጽዳት ነው አለ። እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው ነው፣ ራቢዓ?»

ታሂር ከዚህ በላይ መተኛት አልቻለም። አፈረ፣ ደነገጠም፤ ይቺ ሴት ለካ ሁሉንም አውቃ ኖሯል። ብድግ ብሎ ዶማውን አነሳና፣ ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶት ግቢው መሃል ቆመ። ጀዊሪያ ቀና ብላ ፈገግ አለችለት፤ ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ ሁለት እጇን ለዱዓ ዘረጋች።

«ለዚያ ሰውዬ ዱዓ እናድርግለት ራቢዓ፣ አሚን በይ። አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት። ጤናውን አያጉድልበት። ቀኑ ሲደርስም ቀብሩን ሰፊ ያድርግለት… ቀባሪዎቹም እዚያው ግቢው ውስጥ ይቆፍሩለት፤ ያን ጊዜ እንኳ ወረቀቱ ይገኝ ይሆናል።»