ሐዋሳ የቀረው ቁልፍ

የትናንቱ ዶፍ ከወረደ ወዲህ የልጇ ስልክ አልጠራም። የ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ቆጮ ነጋዴዋ ሽታዬ ከሐዋሳው ታቦር ሰፈር ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ስትጣደፍ፣ መንገድ ላይ የጎረቤቷ ልጅ ማቴዎስ ተሳፈረ። ኮምፒውተር የተማረ፣ ሰላምታው የማያልቅ ልጅ ነው። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት።

«ሐገረ ሰላም። ልጄ ሐዳሳ የመውለጃ ቀኗ ገብቷል፤ ድምፅዋ ጠፋብኝ።»

ማቴዎስ እንዳትጨነቅ ለመናት። እዚያ ሐዳሳ የገጠር ቤት መጠባበቂያ ኢንተርኔት የተከለው እሱ ነው። የሰፈሩ የስልክ ማማ መብራት ሲያጣ ስልክ ዝም ቢልም፣ ቆርቆሮው ላይ ያለው አንቴና የከተማውን ማማ ሞገድ ይስባል፤ መሣሪያውም በፀሐይ መብራቱ ባትሪ ይሠራል።

የሽታዬ እጅ ወደ ወገቧ ሄደ።

«መሣሪያው ሳጥን ውስጥ ነው። ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብዬ ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

«ቁልፉስ?»

«ይኸው።»

ባለባጃጁ ሳቁን በሳል ዋጠው።

ሽታዬ ግን በዋዛ አትረታም። ዕቃ በየቀኑ ከተነካ ያልቃል፣ የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ፊልም ሊያይበት ይሰበሰባል ስትል ተሟገተች። ማቴዎስ አንገቱን ደፍቶ አስጨረሳት።

«እትዬ፣ ቆጮውን ጉድጓድ ከቀበሩት በኋላ ይረሱታል?»

«ምን ነክቶህ። እየከፈትኩ ቅጠሉን ካልለወጥኩለት ይበላሽብኛል።»

«ይሄም ያው ነው። በየሳምንቱ ካልተከፈተና ካልተሞከረ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ባዶ እጅዎን ያገኝዎታል።»

«አንተ ልጅ፣ አንጀቴን አታሳርረው» አለች፤ ቁልፉን ግን እንደ ፍም ያቃጠላት ይመስል ከእጅ እጅ ታገላብጠው ጀመር።

መናኸሪያ ደርሰው መኪና ሲጠብቁ የማቴዎስ ስልክ ጮኸ። መልእክቱ የሐዳሳ ባል የክብሩ ነበር። ማቴዎስ ጮክ ብሎ አነበበላት፦

«ለእማማ ንገርልኝ። ሐዳሳ ምጥ ይዟታል፣ ደም እየፈሰሳት ነው። ሳጥኑን በመጥረቢያ ሰብሬ መሣሪያውን ቀጠልኩት። የጤና ጣቢያው ነርስ መልእክቴ ደርሷት አምቡላንስ ይዛ መጥታለች። እየሄድን ነው።»

ሽታዬ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈረች። ጤና ጣቢያው ስትደርስ ሐዳሳ ወንድ ልጅ ታቅፋ ነበር። ነርሷ፣ መልእክቱ ጥቂት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ እናትየው አትተርፍም ነበር ስትላት፣ ሽታዬ ሐዳሳን እያገላበጠች ሳመቻት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐዳሳ ቤት የሙከራ መልእክት ይመጣል፤ ባትሪውም አንቴናውም ይታያል። የታመመበት ጎረቤትም መጥቶ ነርሷን ይጠይቅበታል። ሽታዬ ራሷ ገበያ ላይ ገዢዎቿን አቁማ፣ ገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ሁለተኛ መገናኛ ያብጅ፣ አብጅቶም ይሞክረው እያለች ትመክራለች።

ክብሩ የተሰበረውን ሳጥን ላሠራ ቢላት አልፈቀደችም።

«ተሰብሮ ይቀመጥ» አለችው። «ባየሁት ቁጥር ይስደበኝ።»