ዮጋ ደጁን ያልረገጠ ወገብ

ዝማሬዬ፣ ነይ እዚህ ፀሐዩ ጋ ተቀመጪ። ኢሽ፣ የዚህ የደቡብ አፍሪካ፣ የጀርሚስተን ብርድ እኮ ሰኔ ሲገባ አጥንት ድረስ ይዘልቃል! ድንች ወጡን ቀመስሽው? እትዬ በለጥሽ ናቸው የሠሩት። ሼም፣ ሲያሳዝኑ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው... ቀኑን ሙሉ ዳቬይተን ሰፈር ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቃቸው ውስጥ ቆመው እየዋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ እኔ ጋ ዮጋ መሥራት ከጀመሩ ወዲህ የሰው እጅ ሳይዙ ደረጃ ይወጡ ነበር። ነበር ነው እንግዲህ... ከዛሬ ጀምሮ አዳራሹ ለእኛ ተዘጋ አይደል?

አይ፣ አልከፋኝም። ለምን ይከፋኛል? ሽማግሌዎቹ ጠየቁ፣ ምስክር ተነሣ፣ ተወሰነ። «ፊቤ የምታስተምረው ነገር ባዕድ አምልኮ ይሆን እንዴ?» ብለው ስፖርት የሚያውቅ ወንድም ቢጠይቁ ምን ነውር አለው? የተጠየቀውስ ወንድም «እኔን ያቆመኝ ጾምና ጸሎት ነው፤ ዮጋ የሚባል ነገር ደጁን ረግጬ አላውቅም» ብሎ ቢመሰክር? እንዴት ያለ የተባረከ አንደበት ነው! እኔ ራሴ አሜን ልል ምንም አልቀረኝም።

ቀስ በይ ትያለሽ? የማንን ስም ጠራሁ? ከኋላችን ያሉት ወንድሞች በሰላም ዶሯቸውን ይብሉ። እኔ የማወራልሽ ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ስለ አንድ የማውቀው ፕሮፌሽናል ጎልፍ ተጫዋች። ጆሃንስበርግ ውስጥ ስንት ሐበሻ ጎልፍ ተጫዋች እንዳለ እኔ አልቆጠርኩም... አንቺ ቆጥረሻል?

ይሄ ሰው መጀመሪያ ቤቴ የመጣ ጊዜ ካልሲውን የምታጠልቅለት እህቱ ነበረች። አንድ ኳስ ይመታና ወገቡን ይዞ ይቀራል። ጎልፍ ሲያዩት የሀብታም ሽርሽር ይመስላል እንጂ መላ ሰውነት ነው የሚጠመዘዘው። ዳሌ አልዞርም ካለ ወገብ የእሱንም ሥራ ይሠራል፤ ወገብ ደግሞ ለዚያ አልተፈጠረም። እናማ ዳሌውን አላላንለት፣ የጭኑን ጅማት አፍታታን፣ በአንድ እግሩ እያቆምኩ ሚዛን አስተማርኩት። ትንፋሹስ ብትይ? ኳሷን ወደ ጉድጓዷ ሊገፋ ሲል እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራት ቆጥረህ ሳብ፣ ስድስት ቆጥረህ ልቀቅ፣ ከዚያ ግፋ። ባለፈው ወር ዋንጫ ሲያነሣ በቴሌቪዥን አይተሽዋል? ከመምታቱ በፊት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሰው ሁሉ «ሲጸልይ እዩት!» አለ። እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ አብሬው እቆጥር ነበር... አራት... አምስት... ስድስት።

ጭምትነቱ ደግሞ! ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሲነጋጋ፣ መኪናውን ሌላ መንገድ ላይ አቁሞ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ከተፍ ይላል። ከሰላምታው በፊት «መጋረጃውን ዝጊልኝ» ነው የሚለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ቤት መጋረጃው ስለሚዘጋ ይሆናል፣ ሳይጠራ ነው የሚያልፈው። ወጪት ሰባሪ ነው እንዳትዪኝ ብቻ! እሱ ምን ሰበረ? ምንጣፉን በሥርዓት ጠቅልሎ ከበሩ ጀርባ አቁሞ ነው የሚሄደው። እስካሁን እዚያው አለ፤ አረንጓዴው። ዛሬ ላመጣለት አስቤ ረሳሁት፤ እንኳንም ረሳሁት። እንዲህ ያለ ዕቃ አይቶ ለማያውቅ ሰው በጉባኤ ፊት እንዴት ይሰጣል?

ሐዋርያው ጴጥሮስስ ዕድለኛ ነበር። ካደ፣ ዶሮ ጮኸ፣ ወጥቶ አለቀሰ፣ ተገላገለ። እዚህ ዶሮው ሁሉ ፍሪዘር ውስጥ ነው፤ ማን ይጩህለት? ይኸው ከኋላችን ሁለተኛውን ቅልጥም የሚግጥ ሰው ይሰማኛል... ማንም ይሁን፣ ይጣፍጠው።

እኔ ጋ የሚማሩት አሥራ ስድስት ሴቶች ነበሩ፣ ዝማሬ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ነው ያንገበገበኝ። እትዬ በለጥሽ አሁን ለጉልበታቸው ገንዘብ ከፍለው ፊዚዮቴራፒ ቤት ሊሄዱ ነው? በየትኛው አቅማቸው? እኔ ከሰውዬው የምፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ «አውቀዋለሁ፣ ጠቅሞኛል» የሚል። ለሁለት ዓመት አንድ ቃል በዛ?

ተይው፣ ተይው። ልመርቀው ይሻላል። ሐሙስ ትልቁ ውድድሩ ይጀመራል፤ አራት ቀን፣ በየቀኑ አሥራ ስምንት ጉድጓድ። ለወንድም ምርቃት አይነፈግም። እጅሽን ዘርጊ። እናንተም ከኋላ ያላችሁ ወንድሞች፣ ሹካችሁን አስቀምጡና አብራችሁ አሜን በሉ፤ ምርቃት እየወረደ ዝም የሚል ክርስቲያን አለ እንዴ?

ጌታ እጁን ያበርታለት፣ ዓይኑን ያብራለት። ዛሬ በጉባኤው ፊት ከተናገራት ቃል አንዲቱም መሬት አትውደቅ። ወገቡንም ልክ እንደ መሰከረው ያድርግለት... ዮጋ የሚባል ነገር ደጁን ረግጦ እንደማያውቅ ሰው ወገብ። አሜን በሉ እንጂ!